ድመት በበዛበት ቤት አንዷ በጠና ስትታመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ እስከ የካ አባዶና የእንጦጦ ግርጌ፣ ድመት አንድ ብሎ የሚቆምበት ቤት ጥቂት ነው። ለአይጥ ተብላ አንዷ ትመጣለች፣ ትወልዳለች፣ የጎረቤቷም አጥር ዘልላ ትቀላቀላለች። ከመካከላቸው አንዷ ስትታመም የሚያስቸግረው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ብዛታቸው በሽታውን ይደብቀዋል። የእሷን ድርሻ ሌሎቹ ይበሉባታል፣ አሸዋውንም ሌሎቹ ያቆሽሹታል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ሁሉም በልተዋል» ተብሎ ይታለፋል፤ በዚህ መሃል ሁለት ሦስት ቀን ይነጉዳል።

አምስት ድመት አለን። አንዷ ዝም ብላለች፤ የእውነት መታመሟን በምን እናውቃለን?

ለአንድ ሌሊት ለብቻዋ አሳድሯት። የራሷን ምግብ ለክታችሁ፣ ውሃዋንም በሚሊ ሊትር ለክታችሁ አስቀምጡላት፣ የራሷን የአሸዋ ሳፋ ስጧት። ጠዋት ላይ ምን ያህል እንደበላች፣ ስንት ጊዜ እንደሸናች፣ አስመልሳ እንደሆነ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ታውቃላችሁ። ይህን ሳያደርጉ ሐኪም ጋ የሚሄዱ ሰዎች «ትበላለች?» ሲባሉ «ይመስለኛል» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም።

ከዚያ ሰውነቷን እዩ። ትንፋሿን ተኝታ ሳለች ቁጠሩ፤ ደረቷ ወይም ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። ከ15 እስከ 30 ደህና ነው፣ ተኝታም ከ40 በላይ ከሆነ ደህና አይደለም። ድዷን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ ካልተመለሰ የደም ዝውውሯ ተዳክሟል። ድዱ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ሰውነቷ ውሃ አጥሮታል። በትከሻዎቿ መሃል ያለውን ቆዳ ሳብ አድርጋችሁ ስትለቁት እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረም እንዲሁ ነው (ያረጀችና የከሳች ድመት ቆዳ ግን ደህናም ሆና ቶሎ አይመለስም፤ በእሷ ላይ ድዱን እመኑ)።

ሙቀት የሚለካው በፊንጢጣ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉ ቫዝሊን ተቀብቶ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል፣ እስኪጮህ ይጠበቃል። ጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ናት፤ ስለዚህ ለሰው ትኩሳት የሚባለው 38.5 ለድመት ምንም አይደለም። ከ39.5 በላይ ትኩሳት ነው። ከ37.5 በታች ደግሞ ከትኩሳቱ ይብሳል፤ ሰውነቷ እጅ እየሰጠ ነው ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ከዚያ በኋላ ለድመት ብቻ እንደሚሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ይነገር።

ክብደቷን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝኑ። ዘንቢል ውስጥ አስገብቶ በሱቅ ዲጂታል ሚዛን መመዘን በሰው ሚዛን ላይ ይዞ ከመቆም ይሻላል፣ ምክንያቱም የምትፈልጉት ልዩነት የ50 ግራም ነው። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ቀነሰች ማለት ከአካሏ አንድ አሥረኛው ሄደ ማለት ነው።

ሌሊትም ቢሆን የማያስተኛው ምልክት የትኛው ነው?

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ድዷ የነጣ ወይም ወደ ሰማያዊና ቡናማ የዞረ፣ የሚጥላት የሚያንዘፈዝፋት፣ የኋላ እግሯ ድንገት ሽባ ሆኖ የቀዘቀዘ፣ የአይጥ መርዝ መብላቷ የተጠረጠረ፣ ወይም በ6 ሰዓት ውስጥ ደጋግማ አስመልሳ ውሃም የማይረጋላት ድመት እስኪነጋ አትጠበቅም። ሦስት ወር ያልሞላት ግልገል ከሆነች ግማሽ ቀን አለመብላቷ ብቻውን ይበቃል።

ወንዱ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም አይወጣም። ሆድ ድርቀት ነው?

አብዛኛው ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ብዙ ወንድ ድመትም በዚህ ስህተት ይሞታል። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በአሸዋ መሰል ጠጠርና በንፍጥ ይደፈናል። ፊኛው ሲሞላ ኩላሊቱ መሥራት ያቆማል፣ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ልቡ ይቆማል። ከተደፈነ ጀምሮ ያለው ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ሆዱን በኋለኛው በኩል ቀስ ብላችሁ ስትዳብሱ እንደ ሎሚ ወይም እንደ ብርቱካን የጠጠረ ኳስ ካገኛችሁ እሱ ፊኛው ነው፤ አትጫኑት፣ ይፈነዳል። በሐኪም እጅ በቀጭን ቱቦ ይከፈታል፤ በቤት የሚሠራለት መድኃኒት የለም። ብዙ ድመት አንድ ሳፋ በሚጋራበት ቤት የማን ሽንት እንደጠፋ ስለማይታይ፣ የሳፋው ቁጥር ከድመቱ ቁጥር በአንድ እንዲበልጥ የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

ከሌሎቹ መለየት የግድ ነው? ቦታ የለንም።

በሽታው የማይተላለፍ ቢሆን እንኳ መለየቱ ይጠቅማል፤ ታማሚዋ ታርፋለች፣ እናንተም የገባውንና የወጣውን ታውቃላችሁ። የግቢ ቤት ያለው ሰርቪሷን ይጠቀም። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ መታጠቢያ ቤቱ ይበቃል፤ ሴራሚክ ስለሆነ ለማጽዳትም ይቀላል፣ ወለሉ ግን ስለሚቀዘቅዝ ካርቶንና ብርድ ልብስ ይነጠፍ።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ በአንድ በኩል የተቆረጠ ካርቶን (ተደብቃ እንድትተኛ)፣ ሳህን፣ የውሃ ዕቃ፣ ጠርዙ ከ8 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ዝቅ ያለ ሳፋ። የደከመች ድመት ከፍ ያለ ሳፋ መውጣት አቅቷት ዳር ላይ ስትሸና «ባለገች» ትባላለች። ለዚያ ሳፋ ከሰጋቱራና ከአሸዋ ይልቅ የተቀደደ ጋዜጣ ምረጡ፤ የሽንቱ መጠንና ቀለም ይታይበታል፣ አቧራም የለውም። አመድ ለሳፋ አይሆንም፤ ብናኙ አፍንጫና ሳንባ ይገባል፣ ሲረጥብም መዳፏን ይበላዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ቁም ነገር ነው። መጀመሪያ ግልገሎች፣ ቀጥሎ ጤነኞቹ ትልልቆች፣ መጨረሻ ላይ ታማሚዋ። ለእሷ ክፍል የተለየ ሽርጥና የተለየ ነጠላ ጫማ በሩ ላይ ይቀመጥ፤ ስትወጡ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ አሳዝናው ሄዶ ይዳብሳትና በዚያው እጁ ግልገሏን ያነሳል።

በሽታው ለሌሎቹ ይተላለፋል?

እንደ በሽታው ነው። በጣም የሚያስፈራው የድመት ፓርቮ የሚባለው ፓንሉኮፔኒያ ነው፦ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ የውሃ ሳህን ላይ አቀርቅራ አለመጠጣት። ከተጋለጠች በኋላ ምልክቱ ከ2 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ስለዚህ ሌሎቹን 14 ቀን በትኩረት ተከታተሉ። የዳነችውም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ቫይረሱን በዓይነ ምድሯ ልታወጣ ትችላለች። ቫይረሱ በጫማ፣ በልብስ፣ በወለል ስንጥቅ ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል።

የድመት ጉንፋን የምንለው (ማስነጠስ፣ የዓይን ፈሳሽ፣ ምላስ ላይ ቁስል) አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቫይረሶች ነው፤ ሄርፒስና ካሊሲ። ከቀረቤታ፣ ከማስነጠስና ከጋራ ሳህን ይተላለፋል። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ በምራቅ ነው የሚተላለፈው፤ የሚላላሱና አንድ ሳህን የሚጋሩ ድመቶች ያቀባብሉታል፣ ከሰውነት ውጭ ግን ቶሎ ይሞታል። የድመት ኤድስ የሚባለው ደግሞ በዋናነት በንክሻ ነው፤ ተስማምተው በሚኖሩ ድመቶች መካከል ብዙም አይዛመትም፣ ሌሊት አጥር ላይ የሚጣላው ያልተኮላሸ ወንድ ነው ይዞት የሚገባው። ሁለቱም ሰው አይዙም። የኩላሊት፣ የስኳር፣ የልብና የካንሰር በሽታ አይተላለፍም።

የድመት ክትባት ማግኘት የሚችል ሰው ለጤነኞቹ ይስጥ፤ ግልገል ከ6–8 ሳምንቷ ጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላት። አንድ ጊዜ ብቻ ተከትባ የቀረች ግልገል ተጠብቃለች አይባልም፤ ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ይችላል።

ምግብ ትታለች። ምን ያህል ይጠበቃል? እንዴትስ ትብላ?

ትልቅ ድመት አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ተነሱ። ድመት እንደ ሰው ቀናት መጾም አትችልም፤ በተለይ ወፈር ያለች ከሆነች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነቷ የራሱን ስብ እያመጣ ጉበቷ ላይ ይከምረዋል፣ ጉበቱ ይደፈናል፣ ድዷና ጆሮዋ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የታመመችበት ተረስቶ ጉበቱ ዋና በሽታ ይሆናል።

በቅድሚያ አፍንጫዋን ጥረጉ። ማሽተት ያልቻለች ድመት አትበላም። በ250 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጎደል ያለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ በጥጥ ይጠረጋል። ምግቡን በእጅ ለብ እስኪል አሙቁት፤ ከፍሪጅ የወጣ ዶሮ ሽታ የለውም። በጠፍጣፋ ሳህን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ በየ2 ሰዓቱ ትኩስ አድርጋችሁ አቅርቡ። ከንፈሯን እየላሰች፣ ምራቅ እያዝረበረበች ከምግቡ ፊቷን ብታዞር እያቅለሸለሻት ነውና ሳህኑን አንሱት፤ ፊቷ ላይ ትታችሁት ብትሄዱ ያን ምግብ ከሕመሟ ጋር አያይዛ ከዳነችም በኋላ ትጠላዋለች። ማቅለሽለሹን የሚያስቆም መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁ።

በራሷ እንቢ ካለች በሲሪንጅ ነው። ለ3 ኪሎ ድመት በቀን 100 ግራም ገደማ የተቀቀለ የዶሮ ደረት ከ160 ካሎሪ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ተኝታ ለምትውል ታማሚ ይበቃል። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅሉት። መረቁን አትድፉ፤ ድመት የግድ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲቀቀል ወደ መረቁ ይወጣል። 100 ግራሙን ከ100 ሚሊ ሊትር መረቅ ጋር ፈጭታችሁ በማጥለያ አሳልፉት፤ ይህ ካልተደረገ በመጨረሻዋ ክር ሥጋ ሲሪንጁ ይደፈናል፣ ገፋ ስታደርጉት በአንዴ ተረጭቶ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን የዚህን ሲሶ፣ ሁለተኛው ቀን ሁለት ሲሶ፣ ሦስተኛው ቀን ሙሉውን። ስድስት ጊዜ አካፍሉት፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ 4፣ 7፣ 10፣ ማታ 1 እና 4 ሰዓት። የመጀመሪያ ቀን በአንዴ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ ሙሉው ላይ ሲደርስ 33።

አያያዙ እንዲህ ነው። ከአንገቷ በታች በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሏት፣ ጀርባዋን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ጭን ላይ አስቀምጧት። ራሷን ቀና አታድርጉት፣ እንደ ተፈጥሮው ይሁን። መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከጎን በኩል፣ ከረጅሙ ጥርስ ኋላ ባለው ክፍተት ይገባል። ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ጠብ አድርጉ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ቀጥሉ። ካሳላት አቁሙ። እራሷን ያልያዘች፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ ወይም የሰውነቷ ሙቀት ከ37.5 በታች የወረደ ድመት በአፍ አትመገብም፤ መጀመሪያ ትሙቅ።

የዶሮ ሥጋ ብቻውን ካልሲየምም ሌላም ስለሚጎድለው ለሳምንት እንጂ ለወር አይሆንም። የድመት ቆርቆሮ ምግብ ከተገኘ በውሃ አቅጥኖ መስጠቱ ይሻላል። ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙም አያበረታም። ጉበት ድመቶች ነፍሳቸውን ይሰጡለታል፤ ለማስጀመር ጣት የምታህል ቁራጭ ጥሩ ናት፣ ዘወትር ከሆነ ግን ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ አጥንት ይጎዳል። ወተት ተቅማጥ ያብሳል። ከወጥ የተረፈ ማናቸውም ነገር አይሰጥ፤ ሽንኩርት፣ ጥሬም ብስልም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል።

ጾም ገብቶ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ምን እናበላ?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ታማሚ ያለበት ቤት ከቅበላ በፊት ይዘጋጅ። ሁለት ዶሮ ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን አውጥታችሁ፣ በ100 ግራም በትንንሽ ፌስታል ከመረቁ ጋር በረዶ ቤት አስቀምጡ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠ ፌስታል ተመልሶ በረዶ አይገባም፤ ያኑ ቀን ይበላ፣ ካልሆነ ይጣል። ሱቅ ውስጥ እንቁላል አይጠፋም፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70 ካሎሪ ያህል አለው። በውሃ የታሸገ ቱና ወይም ዘይቱ በለብታ ውሃ የታጠበ ሰርዲን ለጥቂት ቀን ይሆናል። በአካባቢያችሁ የሙስሊም ሥጋ ቤት ካለ እሱ በጾምም ክፍት ነው። ሽሮ ለድመት አይደለም፤ ሽሮው ራሱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል።

ፓራሲታሞል ትንሽ ቆርሰን ብንሰጣትስ?

አይሰጥም። «ትንሽ» የሚባል የለውም። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ቡና ይመስላል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንድ ድመት ትገድላለች። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ኩላሊትና ጨጓራዋን ያጠፋሉ። ለሰው ጉንፋን የሚታዘዘው ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ይቅር፤ ነጭ ሽንኩርቱ ከቀዩ ይብሳል።

ቁንጫ አብሮ ካለ፣ ለውሻ ወይም ለከብት የተሠራ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ ያለበት መርጫ ድመት ላይ አይነካ፤ ያንዘፈዝፋታል፣ ይገድላታል። የተቀባ ውሻ አጠገብ እንኳ ለሦስት ቀን አታስተኟት።

ቅርባችን ያለው የከብትና የበግ ክሊኒክ ነው። እዚያ መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ሙቀት መለካት፣ ግሉኮስ መትከል፣ ቁስል ማጠብ እዚያም ይሠራል። ጣጣው የመድኃኒቱ ጥንካሬ ነው። ጠርሙሱ የተሠራው 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ነው። ምሳሌ ብንወስድ፣ አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት 1 በመቶ የሆነው በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው። በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ይሰጥ ከተባለ ለ3 ኪሎ ድመት 0.6 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.06 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ ጠብታ ብዙም አይበልጥም። በዓይን ግምት «ግማሽ ሚሊ» የተወጋች ድመት ከስምንት እጥፍ በላይ ወሰደች ማለት ነው፤ ትደነባበራለች፣ ዓይኗ ይታወራል፣ ራሷን ትስታለች። ስለዚህ ክብደቷን ጽፋችሁ ሂዱ፣ የ1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳታፍሩም «በኪሎ ስንት ሚሊ ግራም? በሚሊ ሊትር ስንት ሆነ?» በሉ። ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም፣ አብሮ ያሰላል።

ለከበደ ጉዳይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ላለ ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ይደረሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ትንሽ እንስሳ የሚያይ ሐኪም መኖሩን አረጋግጡ። ድመት በእቅፍ ሆና ባጃጅ ወይም ታክሲ አትገባም፤ የመጀመሪያው ክላክስ ላይ ትዘላለች። ሁለት የፕላስቲክ የአትክልት ሳጥን አፍ ለአፍ ገጥማችሁ በገመድ እሰሩ፣ ከታች ፎጣ፣ ከላይ ነጠላ ጣል አድርጉ። የትውከቱንና የዓይነ ምድሩን ፎቶ፣ የክብደትና የሙቀት ማስታወሻውን ያዙ። ከአንድ ቤት ሁለት ድመት ከታመመ በአንድ ሳጥን አትጫኗቸው።

ከቆዳ ሥር ፈሳሽ እንድንሰጥ ሐኪም አዝዟል። ምን እንጠንቀቅ?

የመጀመሪያውን እሱ እያያችሁ ስጡ። የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሪንገር ላክቴት የሚባለው የጨው ፈሳሽ ነው፤ ለ3 ኪሎ ድመት በአንዴ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ ድግግሞሹን ሐኪሙ ይወስናል። ከረጢቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ያንቀጠቅጣታል። በየጊዜው አዲስ መርፌ። ትከሻዋ ላይ የሚያብጠው ጉብታ ወደ ብብቷ ወርዶ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት፤ በማግስቱም ካለ የደም ዝውውሯ ስለተዳከመ በደም ሥር ነው የሚያስፈልጋት። ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ፣ በተለይ ባለ 40 በመቶው፣ ከቆዳ ሥር አይሰጥ፤ ሥጋውን ያቆስለዋል። የልብ ሕመም ያለባት ድመት በዚህ ፈሳሽ ሳንባዋ ውሃ ሊይዝ ስለሚችል ትንፋሿን ቁጠሩ።

ክኒንስ?

ክኒኑን ከምላሷ በላይ፣ መሃል ለመሃል፣ ወደ ጉሮሮዋ ጠጋ አድርጋችሁ ጣሉ፣ አፏን ዝጉ፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በሲሪንጅ አስከትሉ። ውሃው አይዘለል፤ በተለይ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ቧንቧውን አቁስሎ ያጠበዋል። ምግብ ውስጥ ደብቆ ለሁሉም ማቅረብ ደግሞ ብዙ ድመት ባለበት ቤት መድኃኒቱን ለሌላዋ ማብላት ነው።

በምን እናጽዳ?

በበረኪና፣ ግን በሥርዓቱ። መጀመሪያ ቆሻሻው ተጠርጎ ወለሉ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ በረኪና ዓይነ ምድር ላይ ከፈሰሰ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፣ ሽንት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ የሚያሳልና ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ቀጥሎ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 30 ሚሊ ሊትር (ሁለት የሾርባ ማንኪያ) በረኪና ቀላቅላችሁ ወለሉን አርጥቡት፣ 10 ደቂቃ ረጥቦ ይቆይ፣ ከዚያ በውሃ አለቅልቁት፤ ሳይደርቅ ድመት አትግባ። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይሁን። ፀሐይ ላይ ከርሞ ሽታው የጠፋ በረኪና ውሃ ነው። አልኮልና የእጅ ሳኒታይዘር ፓርቮን አይገድሉም። ዴቶልና ውሃ ላይ ሲጨመሩ እንደ ወተት የሚነጡ ሌሎች ፀረ ተህዋስያን ለድመት መርዝ ናቸው፤ መዳፏን ልሳ ትታመማለች።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለታማሚዋ ክፍል ብቻ ይመደብ። ፍራሽ፣ ምንጣፍና ካርቶን በበረኪና ስለማይጸዱ ካርቶኑ ይቃጠል።

ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከሰል እናስገባላት?

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ፤ የከሰል ጭስ ሰውን የሚገድለው ድመትንም ይገድላል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ግራና ቀኟ አድርጉ፤ ሙቀት ከበዛባት የምትሸሽበት ቦታ ይኑር፣ በ3 ሰዓት ገደማ ውሃው ይለወጥ። የመተንፈሻ ሕመም ላለባት ደግሞ የዕጣን ጭስ ያስላታል፤ ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ።

ውሻ ነክሷት ነበር፤ አሁን ጠባይዋ ተለውጧል።

እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፣ ድመትም ይይዛል። ድንገት ኃይለኛ የሆነች፣ ወይም በተቃራኒው የፈዘዘች፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ስትራመድ የምትንገዳገድ ከሆነች በር ዝጉባትና ባለሙያ ጥሩ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በአዲስ አበባ ሰዉ ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ምርመራ የቆየ ነው። ምልክት እስኪወጣ መጠበቅ የለም፤ ምልክት በሰው ላይ ከወጣ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የሁሉንም ድመት ሳፋ ሌላ ሰው ይጥረግ፣ በየቀኑም ይጠረግ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ለመተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል።

ታክማ ስትመለስ ሌሎቹ ይተፉባታል፣ ይደበድቧታል። ረሷት?

ሽታዋ ተቀይሯል። የክሊኒክ ሽታ ይዛ የገባችው ለእነሱ እንግዳ ናት። ተላላፊ እንዳልሆነች ከተረጋገጠ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በር ዘግታችሁ አቆዩአት፣ የሌሎቹን መኝታ ጨርቅ ለእሷ፣ የእሷን ለእነሱ ስጡ፣ በተዘጋው በር በሁለቱም ወገን አብሉአቸው። የምግብ ሳህኖቹን በአንድ ተርታ አትደርድሩ፤ የደከመችዋ በጉልበተኛዋ ዓይን ብቻ ሳህኗን ጥላ ትሄዳለች፣ ማንም ሳይነካት። ይህን ዝምታ እዩት፤ ከጥሉ ይልቅ የሚያከሳት እሱ ነው።

መቼ ነው «ይበቃል» የሚባለው?

በየቀኑ ማታ አራት ነገር ጻፉ፦ በላች ወይ፣ ራሷን ላሰች ወይ፣ ያለ ጭንቅ ተነፈሰች ወይ፣ ወደ ሳፋዋ በእግሯ ሄደች ወይ። ለተከታታይ ቀናት መልሱ «አይ» ሲበዛ፣ ሐኪሙም የሚጨምረው ከሌለው፣ በመርፌ እንድታርፍ መጠየቅ ነውር አይደለም። በአገራችን ይህን ጥያቄ ማንሳት ይከብዳል፤ ብዙው ሰው «እግዜር ያመጣውን» ብሎ ይጠብቃል። ቢሆንም ትንፋሽ አጥሯት አፏን ከፍታ ለምታድር ድመት መጠበቁ ለእሷ አይደለም። መርዝ፣ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ጫካ ወስዶ መጣል ግን ማሳረፍ አይባሉም።

ከሞተች የት እንቅበራት?

ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት። ከዚያ ያነሰውን በዳርቻ ሰፈር ጅብ ወይም ውሻ ያወጣዋል፤ ከአፈሩ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት። በጓንት አንሷት፣ በላስቲክ ሳይሆን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሏት። በፓርቮ የሞተች ከሆነች ሌሎቹ አይጠጓት፤ ሳህኗና ሳፋዋም ለሌላ አይተላለፉ። በዚያ ቤት ክትባቷን ያልጨረሰች ግልገል ለአንድ ዓመት አትግባ፤ ጎረቤት በካርቶን ይዞ ቢመጣም።